የመጋዘን መደብር፣ የሸማቾች ማኅበር ወይስ የባለ ሱቆች የጋራ ጅምላ? ለጎጃም የከተማ ዳር ነዋሪዎች የንጽጽር መመሪያ

የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ለረጅም ጊዜ ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች ተከልሎ የቆየው የገቢ፣ የወጪ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በተቀመጡለት ቅድመ ሁኔታዎች ለውጭ ባለሀብቶችም ክፍት ሆኗል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የፈረንሳዩ የሱፐርማርኬት ኩባንያ ካርፉር ከኩዊንስ ሱፐርማርኬት ጋር ተስማምቶ በስሙ የሚጠሩ መደብሮችን በአዲስ አበባ እንደሚከፍት ይፋ ተደርጓል። በዚህ ዓይነት ንግድ የተሰማሩ ኩባንያዎች፣ የውጭም ሆኑ የአገር ውስጥ፣ አንድ ቀን የዓባይን በረሃ ተሻግረው ጎጃም ቢገቡ የሚያስገርም አይሆንም። ሲመጡ ግን መሀል ከተማ ላይ ሱቅ አይከራዩም፤ ሰፊ ሜዳና ለጭነት መኪና የሚመች ዋና መንገድ ስለሚፈልጉ ዓይናቸውን የሚጥሉት ከተማና ገጠር በሚገናኙባቸው ቦታዎች ላይ ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ እንዳሉት እንደ መሸንቲና መርዓዊ ባሉ ከተሞች ወይም በደብረ ማርቆስ ዳርቻ።

እንዲህ ያለ ግዙፍ መደብር የመክፈት ሐሳብ ሲቀርብ የአካባቢው ነዋሪ ስብሰባ ተጠርቶ የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ «ይከፈት ወይስ አይከፈት?» ተብሎ ነው። ጥያቄው በዚህ መልክ ከቀረበ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ዕቃ ይረክሳል ሲባል የማይደሰት ሸማች የለምና። ሚዛናዊ ንጽጽር ማድረግ የሚቻለው ግን መደብሩ ከምን ጋር እንደሚወዳደር ሲታወቅ ነው። በአብዛኞቹ የጎጃም ከተሞች በእውን ሊታሰቡ የሚችሉት አማራጮች ሦስት ናቸው፤ የመጀመሪያው ዕቃን ከመጋዘን በብዛትና በርካሽ የሚሸጠው ትልቁ የመጋዘን መደብር፣ ሁለተኛው አሁን ያለውን የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር አጠናክሮ ማስፋፋት፣ ሦስተኛው ደግሞ ባለ ሱቆቹ ራሳቸው ተባብረው በጋራ በጅምላ የሚገዙበት አሠራር ነው። እንዳለ ይቀጥል የሚለው አራተኛ ሐሳብም ቢሆን ዋጋ ስላለው በየቦታው እያነሣን እንመለከተዋለን።

መደብሩ ለማን ነው የሚሸጠው?

ከዋጋው በፊት፣ ከሥራ ዕድሉም በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በውጭ ሲታዩ የሚመሳሰሉት እነዚህ ግዙፍ መደብሮች በአሠራራቸው ቢያንስ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ለነጋዴ ብቻ የሚሸጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በጀርመን ሜትሮ፣ በ1968 ደግሞ በኔዘርላንድ ማክሮ የተባሉት ኩባንያዎች የጀመሩት በዚህ መንገድ ነበር፤ ወደ መጋዘኑ የሚገባው ባለ ሱቁ፣ ባለ ምግብ ቤቱና ባለ ሆቴሉ ሲሆን፣ የንግድ ፈቃዱን አሳይቶ፣ ገንዘቡን በእጁ ከፍሎ፣ ዕቃውን ራሱ ጭኖ ይሄዳል። ሁለተኛው በአባልነት የሚሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ሶል ፕራይስ የተባለ ነጋዴ በካሊፎርኒያዋ ሳን ዲዬጎ በአሮጌ የአውሮፕላን ማቆሚያ ውስጥ «ፕራይስ ክለብ»ን ሲከፍት መጀመሪያ ያገለግል የነበረው ትናንሽ ነጋዴዎችን ብቻ ነበር፤ ለሌሎች አባላት የከፈተው ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በሲያትል የተከፈተው ኮስትኮም ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ኋላ ሁለቱ ተዋሕደዋል። ሦስተኛው ማንም ገብቶ የሚገዛበት ግዙፍ ሱፐርማርኬት ነው፤ ካርፉር እ.ኤ.አ. በ1963 በፓሪስ አቅራቢያ ሲከፍት 2,500 ካሬ ሜትር የመሸጫ ስፋትና 400 የመኪና ማቆሚያ ቦታ ነበረው።

የሦስቱ ልዩነት ለአንድ ትንሽ ከተማ እጅግ ትልቅ ነው። ለነጋዴ ብቻ የሚሸጠው መጋዘን የሚተካው በባለ ሱቁና በፋብሪካው መካከል ያለውን የአከፋፋይና የደላላ ሰንሰለት ነው፤ ሱቁ ራሱ በቦታው ይቀራል። ለማንም የሚሸጠው ግን የሚተካው ሱቁን ነው። በመሆኑም «መደብር ሊከፈት ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ ከኩባንያው የሚጠበቀው የመጀመሪያ መልስ ደንበኛዬ የምለው ማንን ነው የሚለው ነው። መልሱም በቃል ሳይሆን በቦታ ውሉ ላይ መስፈር አለበት፤ ለነጋዴ ብቻ እሸጣለሁ ብሎ የገባ ድርጅት ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሩን ለሁሉም ቢከፍት የሚከለክለው ነገር ሊኖር ይገባልና።

ርካሽነቱ ከየት ይመጣል?

ኮስትኮን እንደ አብነት ብንወስድ ዋጋው የሚቀንሰው በተአምር አይደለም። አንድ የአሜሪካ ሱፐርማርኬት 30,000 ያህል የዕቃ ዓይነት ሲይዝ ኮስትኮ የሚይዘው 4,000 ገደማ ብቻ ነው። ዓይነቱ ስላነሰ ከአንድ አምራች የሚገዛው መጠን ይበዛል፤ ዕቃው ከመኪና እንደወረደ በእንጨት መደላድሉ ላይ እንዳለ ይሸጣል፤ መደርደሪያ የሚያስተካክል፣ የሚያሽግና የሚመዝን ሠራተኛም ያን ያህል አያስፈልግም። በዕቃው ላይ የሚጨምረው ትርፍ በአብዛኛው ከ14 እስከ 15 በመቶ የማይዘል ሲሆን፣ ዋናውን ትርፍ የሚያገኘው ከአባላት ዓመታዊ ክፍያ ነው፤ ይህም ክፍያ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ ለመደበኛ አባል 65 ዶላር ደርሷል።

ከዚህ ሥርዓት በስተጀርባ ያለውን ሸማችም ማየት ያስፈልጋል። መኪና አለው፤ ዕቃ የሚያከማችበት ሰፊ ቤትና ትልቅ ማቀዝቀዣ አለው፤ የወር ፍጆታውን በአንድ ቀን ከፍሎ ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብም አለው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል የመደብሩ ርካሽነት ወደ ሸማቹ ቤት የሚደርስበት መንገድ ይዘጋል።

ይህ ማለት ግን የጎጃም ሰው በብዛት መግዛትን አያውቅም ማለት አይደለም። ደመወዝተኛውም ሆነ ነጋዴው ጤፉን በኩንታል የሚሸምተው አዝመራ ተሰብስቦ ዋጋው በሚረጋጋበት በጥርና በየካቲት ወር ነው፤ በርበሬውንም ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም አካባቢ በሚመጣበት ወቅት ገዝቶ፣ አስፈጭቶ ለዓመት ያኖራል። ስለዚህ የመጋዘን መደብሩ በእህልና በበርበሬ ረገድ የሚያመጣው አዲስ ነገር ጥቂት ነው፤ ይልቁንም ከገበሬው ወይም ከእህል ነጋዴው በቀጥታ ከሚገዛው ሰው ጋር መወዳደር ይቸግረዋል። ጥቅሙ የሚታየው በፋብሪካ ዕቃ ላይ ነው፤ በዘይት፣ በስኳር፣ በፓስታና መኮሮኒ፣ በሳሙናና በዱቄት ሳሙና፣ በሕፃናት ዳይፐር፣ በደብተርና በመሳሰሉት ላይ።

አንድ ስሌት

የሚከተሉት ቁጥሮች ለማስላት እንዲያመቹ የተወሰዱ ግምቶች ሲሆኑ፣ አንባቢው በራሱ ከተማ ዋጋ ሊተካቸው ይችላል። መደብሩ ከሰፈር ሱቅ 8 በመቶ ረከሰ እንበል። ወደ መደብሩ ለመሄድና ዕቃ ጭኖ ለመመለስ ለባጃጅ ኮንትራት 300 ብር ይወጣል እንበል። በአንድ ጊዜ የ5,000 ብር ዕቃ የሚገዛ ቤተሰብ 400 ብር ቆጥቦ 300 ብር ለመጓጓዣ ስለሚያወጣ የሚተርፈው 100 ብር ነው። የ1,200 ብር ዕቃ የሚገዛው ግን የቆጠበው 96 ብር ብቻ ስለሆነ 204 ብር ከስሮ ይመለሳል። ትርፍና ኪሳራው የሚተካከለው 3,750 ብር ላይ ነው፤ ከዚያ በታች ለሚገዛ ሰው የሰፈሩ ሱቅ ምንም ውድ ቢመስል ርካሹ እሱ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ባጃጅ ቢጋሩ ይህ መጠን ወደ 1,875 ብር ስለሚወርድ ነገሩ በእጅጉ ይለወጣል፤ መደብር በተከፈተባቸው ቦታዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚጠቀሙት ተባብረው የሚሄዱ ሴቶች ቢሆኑ አይደንቀኝም።

ስሌቱ ሲሠራ የሚዘነጉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው መደርደሪያው ላይ የተለጠፈው ዋጋ 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ያካትት ወይም አያካትት የሚለው ነው፤ የ8 በመቶ ቅናሽ የመሰለው ሒሳብ መክፈያው ላይ ሲደርስ ጭማሪ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛው ዱቤ ነው። የሰፈር ባለ ሱቅ ደመወዝ እስኪወጣ ወይም እህል እስኪሸጥ ድረስ በደብተር መዝግቦ ይሰጣል፤ ሕፃን ሲታመም፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ለቅሶ ሲደርስ የሚኬደው ወደ እሱ ነው። ይህ አገልግሎት በዋጋው ውስጥ ተጨምሮ የሚከፈል ስለሆነ የሱቁን ዋጋ ከመደብሩ ዋጋ ጎን ብቻ አስቀምጦ «ሱቁ ይበዘብዛል» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። መደብሩ በቴሌብርም ይሁን በጥሬ ገንዘብ ሳይቀበል ዕቃ አይለቅም። ባለ ሱቁም ቢሆን ጥሬ ገንዘብ ያላቸው ደንበኞቹ ወደ መደብሩ ሄደው ባለ ዱቤዎቹ ብቻ ሲቀሩበት ደብተሩን መዝጋቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ለአንዱ የረከሰው ዕቃ ለሌላው የማይገኝ ይሆናል።

የትኛውን ዕቃ ከየት?

መደብሩ ቢከፈትም ባይከፈትም ቤተሰቦች ሁሉን ነገር ከአንድ ቦታ የሚገዙበት ምክንያት የለም። በብዛት ለመግዛት የሚመቸው ሳይበላሽ የሚቆይና ሲበዛ የማያባክን ዕቃ ነው። ሳሙና በዚህ ረገድ አንደኛ ነው፤ ሲቆይ እንዲያውም ይጠነክራል። ጨው፣ ስኳርና ሶፍት ይከተላሉ። ፓስታና መኮሮኒ በካርቶን ቢገዙ ችግር የለባቸውም፤ ነገር ግን ካርቶኑ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከእህል ተለይቶ ይቀመጥ፤ ነቀዝ ከጎተራ ወደ ካርቶን ለመሻገር ጊዜ አይወስድበትም። ዘይት ግን ጥንቃቄ ይሻል። ባለ ሃያ ሊትሩ ጀሪካን በሊትር ሲሰላ ርካሽ ቢሆንም አራት ሰው ባለበት ቤት ተከፍቶ ብዙ ወራት ይቆያል፤ ብርሃንና ሙቀት ካገኘው ሽታው ይለወጣል። ባለ አምስት ሊትሩ ለአብዛኛው ቤተሰብ ይሻላል።

ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንችና ጎመን ከጉልት ወይም ከገበያ ቀን ይገዙ። መርዓዊ አጠገብ የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር መሬት የሚያጠጣ በመሆኑ በዚያ አካባቢ አትክልት ከማሳ ወደ ገበያ የሚደርሰው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ በመጋዘን ያደረ ሽንኩርት ከዚህ ጋር የሚወዳደርበት መንገድ አይታየኝም። ጤፍን፣ ማርንና ቅቤን በሚመለከት ደግሞ ሸማቹ የሚያምነው ዓይኑን፣ ምላሱንና የሚያውቀውን ሻጭ ነው፤ የታሸገ ቅቤ ከመደርደሪያ አንሥቶ ዶሮ ወጥ ላይ የሚጨምር የጎጃም እናት እስካሁን አላየሁም።

የሸማቾች ማኅበሩ

የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ከመጋዘን መደብሩ ጋር ሲነጻጸር ትልቁ ብልጫው የባለቤትነቱ ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት አንድ አባል የፈለገውን ያህል ዕጣ ቢኖረው ድምፁ አንድ ነው፤ ከትርፉም ለአባላት ይከፋፈላል። የኮስትኮ አባል በየዓመቱ የሚከፍለው ለመግባት ብቻ ሲሆን፣ የሸማቾች ማኅበር አባል የከፈለው ግን ዕጣው ነው። በዚህ ላይ ማኅበሩ ከገበሬዎች ዩኒየኖች ጋር፣ ለምሳሌ በባሕር ዳር ካለው ከመርከብ ወይም በፍኖተ ሰላም ካለው ከዳሞት ጋር፣ በቀጥታ ተዋውሎ እህል የማምጣት ዕድል አለው።

ድክመቱን ግን መሸፋፈን አይገባም። ብዙዎቹ የሸማቾች ሱቆች ስኳርና ዘይት በኮታ ሲመጣ ሰልፍ ይበዛባቸዋል፤ ኮታው ሲያልቅ ደግሞ መደርደሪያቸው ባዶ ሆኖ ይቆያል። የሚሠሩት በመንግሥት የሥራ ሰዓት ሲሆን፣ ሸማቹ ከሥራ ሲወጣ እነሱም ይዘጋሉ። ሥራ አስኪያጁ ነጋዴ ሳይሆን ተመራጭ በመሆኑ ገበያ ሲወጣና ሲወርድ ፈጥኖ ለመወሰን ይፈራል፤ ኦዲቱም ይዘገያል። ይህንን አማራጭ የሚመርጥ ከተማ እንግዲህ መሬትና ሕንፃ ከመስጠቱ በፊት ሊያስተካክል የሚገባው የሚሸጥበትን ሰዓት፣ የሥራ አስኪያጁን አቀጣጠርና የኦዲቱን ወቅት ነው። ሳይስተካከል ቢሰፋ ባዶው መደርደሪያ ይረዝማል እንጂ የሚጨመር ነገር የለም።

ባለ ሱቆቹ በጋራ ቢገዙ

ሦስተኛው አማራጭ ብዙም አይወራለትም፤ ብዙ ሱቆች ላሉበት አነስተኛ ከተማ ግን ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል። በአንድ ከተማ ያሉ ሃያና ሠላሳ ባለ ሱቆች እያንዳንዳቸው ወደ ባሕር ዳር ጅምላ ሻጮች እየተመላለሱ ለየብቻ ከሚገዙና ለየብቻ ከሚያስጭኑ አንድ አክሲዮን ማኅበር ወይም ኅብረት ሥራ መሥርተው፣ አንድ መጋዘን ተከራይተው፣ በአንድ አይሱዙ ቢያመጡ የአከፋፋዩን ትርፍና የመጓጓዣውን ወጪ በከፊል ለራሳቸው ያስቀራሉ። ዕቁብ የሚጥል ነጋዴ ገንዘብ በጋራ ማንቀሳቀስን የሚማርበት ሌላ ትምህርት ቤት አያስፈልገውም። ፌቤላ የዘይት ፋብሪካ ቡሬ፣ ደብሊው ኤ የዘይት ፋብሪካ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ላይ ያሉ በመሆናቸው ቢያንስ በዘይት ረገድ አምራቹ ሩቅ አይደለም፤ ፋብሪካ ግን አምስት ካርቶን ከሚጠይቅ ባለ ሱቅ ጋር አይነጋገርም።

እንቅፋቱ መተማመንና ደረሰኝ ነው። በጋራ የሚገዛ ማኅበር ሽያጩ ሁሉ በደረሰኝ ስለሚሆን ገቢው ለግብር ግልጽ ይወጣል፤ ይህን የማይወዱ አባላት ሾልከው ወደ ቀድሞው አከፋፋይ ይመለሳሉ፤ አከፋፋዩም እነሱን ለመሳብ ለጥቂት ሳምንታት ዋጋ ይሰብራል። ማኅበሩ እነዚያን ሳምንታት ለመሻገር የሚያስችል ጥሪት ከሌለው ይፈርሳል። በተጨማሪ ባለ ሱቁ በርካሽ ስለገዛ ብቻ በርካሽ ይሸጣል ማለት አይደለም። አንድ ሱቅ ብቻ ባለበት ቀበሌ ልዩነቱ በባለ ሱቁ ኪስ ይቀራል፤ አምስት ሱቅ ባለበት ግን ፉክክሩ ራሱ ወደ ሸማቹ ያወርደዋል።

አቅራቢዎች፦ ማርና ዘይት

መደብሩ ሲመጣ ለገበሬውና ለአነስተኛ አምራቹ ሰፊ ገበያ ይከፈታል የሚል ተስፋ አብሮ ይመጣል። ተስፋው መሠረት የለሽ አይደለም፤ ነገር ግን ጎረቤታችን ኬንያ ያለፈችበትን መመልከት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የኬንያ የውድድር ባለሥልጣን የካርፉርን መደብሮች በዚያ አገር የሚያስተዳድረውን ኩባንያ፣ የመግዛት አቅሙን በአቅራቢዎች ላይ ያላግባብ ተጠቅሟል በማለት 1.1 ቢሊዮን የኬንያ ሺሊንግ ቀጥቶታል። ኩባንያው ውሳኔውን ተቃውሟል። አቤቱታ ያቀረቡት ሁለት ድርጅቶች አንዱ ማር፣ ሌላው የምግብ ዘይት አቅራቢ ነበሩ፤ የጎጃም አምራች ልብ ሊለው የሚገባ ግጥምጥሞሽ ነው። ቅሬታቸውም አቅራቢው ዕቃውን ካስረከበ በኋላ በልዩ ልዩ ስም ከዋጋው ላይ ቀንሶ ለመደብሩ እንዲመልስ መገደዱን የሚመለከት ነበር።

ከዚያ በፊት ደግሞ በአራት የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ከ60 በላይ ቅርንጫፎች የነበሩት የኬንያው ሱፐርማርኬት ናኩማት በዕዳ ተዘፍቆ ወድቋል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ገንዘብ ጠያቂዎቹ እንዲፈርስ ወስነዋል። ዕቃቸውን በዱቤ ያስረከቡ አቅራቢዎች ከተጎጂዎቹ ግንባር ቀደም ነበሩ።

ሽንኩርቱን ሚዛን ላይ አውጥቶ ገንዘቡን እዚያው ተቀብሎ የሚሄድ የመርዓዊ ገበሬ ከ60 ወይም ከ90 ቀን በኋላ ይከፈልሃል ቢባል እንዴት ይኖራል? ስለዚህ በዚህ ነጥብ ገበሬው ምርቱን የሚሸጥባቸው ሦስት መንገዶች በግልጽ ይለያያሉ። የገበያው ቀን ወዲያው ይከፍላል፤ ዋጋው ግን በደላላ እጅ ነው። ዩኒየኑና የሸማቾች ማኅበሩ ዋጋውን ያረጋጋሉ፤ ክፍያው ግን አንዳንዴ ይጓተታል። የመጋዘን መደብሩ መጠኑንና ጥራቱን አስቀድሞ ስለሚናገር ገበሬው ለማቀድ ይመቸዋል፤ ክፍያውና የቅናሽ ግዴታው በውል ካልተገደበ ግን ኪሳራውን የሚሸከመው አቅራቢው ነው። ለሚበላሽ ምርት ከሳምንት የማይበልጥ የመክፈያ ጊዜ በውል እንዲሰፍር መጠየቅ ከልክ ያለፈ ጥያቄ አይደለም።

መሬቱ

የአንድ ኮስትኮ ሕንፃ አማካይ ስፋት ከ13,000 ካሬ ሜትር በላይ ነው፤ ይህም ከአንድ ሄክታር የሚበልጥ ሲሆን፣ ለመኪና ማቆሚያና ለጭነት መኪና መዞሪያ ብዙ እጥፍ ይጨመርበታል። እዚህ የሚመጣው ያን ያህል ባይሰፋም እንኳ የሚያርፈው የሚታረስ መሬት ላይ ነው። የካሣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በቋሚነት ለሚነሣ የገጠር ባለ ይዞታ የሚከፈለውን የልማት ተነሺ ካሣ የሚያሰላው ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ በ15 በማባዛት ነው፤ በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት ደግሞ ለብቻው ይታሰባል። አዋጁ ባለ ይዞታው ራሱ ማልማት ከቻለ ቅድሚያ እንደሚሰጠውም ይደነግጋል። ገበሬው ገቢውን የሚያስረዳበት ማስረጃ፣ ማለትም ምን ዘርቶ ስንት ኩንታል እንዳገኘና በስንት እንደሸጠ፣ ከስብሰባው በፊት ሊሰበሰብ ይገባዋል፤ ግመታው ከተጠናቀቀ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ብዙ ያለፋል።

ሌሎቹ ሁለት አማራጮች በዚህ ረገድ ብዙም አያስጨንቁም፤ የሚፈልጉት አንድ መጠነኛ መጋዘን ስለሆነ ከነበረው የገበያ ቦታ አጠገብ ሊገኝ ይችላል።

መንገዱንም ማሰብ ይገባል። በመሸንቲና በመርዓዊ የሚያልፈው ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ዋና መንገድ ነው፤ ጋሪው፣ ባጃጁ፣ ከብቱና ተማሪው ሁሉ በዚያው ይሄዳል። ተሳቢ መኪና ከመደብር ወጥቶ ወደ ዋናው መንገድ የሚገባበት ቦታ በኩባንያው ወጪ እንዲሠራ ካልተደረገ ከተማዋ ርካሹን ዘይት በአደጋ ትገዛዋለች።

ዕቃው ይደርሳል ወይ?

ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የውጭ ዕቃ ደግሞ ከጅቡቲ ጀምሮ ይመጣል። ባለፉት ዓመታት መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት የጎጃም ከተሞች የኖሩት በአካባቢው ምርትና በየሱቁ ጓዳ በነበረው ክምችት ነው። ትልቅ መጋዘን በአንድ በኩል የተሻለ ክምችት ሊይዝ ይችላል፤ በሌላ በኩል ሁሉም ዕቃ በአንድ ቦታ ስለሆነ ያ አንድ ቦታ ሲዘጋ ከተማው ሁሉ ይዘጋበታል። በመቶ ሱቆች የተበተነ ክምችት አንድ ቀን ላይ አያልቅም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉም ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ ለተመሠረተ መደብር ዋጋን አጽንቶ መያዝን አስቸጋሪ ያደርገዋል።

ጾሙም ለብቻው የሚነሣ ነው። በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ልኳንዳ ቤቶች በሚዘጉበት፣ ረቡዕና ዓርብ ወተት በማይቀመስበት አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ለማከማቸት ትልቅ ማቀዝቀዣ የሚተክል መደብር፣ መብራት ሲጠፋ ለሚያቃጥለው ነዳጅ ጭምር የሚያወጣውን ወጪ በሳሙናና በዘይት ዋጋ ላይ መጫኑ አይቀርም። ከዚህ ይልቅ የደረቅ ዕቃ መጋዘን ብቻ የሆነው ለአካባቢው የተሻለ ይስማማል።

ለማን የትኛው ይሻላል?

ብዙ ሱቆች ባሉባቸውና ከባሕር ዳር ብዙ በማይርቁ ከተሞች፣ ለነጋዴ ብቻ የሚሸጥ የደረቅ ዕቃ መጋዘን ቢመጣ ሊደገፍ ይገባዋል እላለሁ፤ የአከፋፋዩን ሰንሰለት ያሳጥራል፣ ሱቁንና ዱቤውን አይነካም። ለማንም የሚሸጠውን መደብር በተመለከተ ግን ሚዛኔ ወደ ተቃራኒው ያደላል፤ ቅናሹ የሚደርሰው አስቀድሞ ገንዘብ ላለው ሲሆን፣ የሚቋረጠው የዱቤ አገልግሎት ግን የሚጎዳው ገንዘብ የሌለውን ነው። እንደ ባሕር ዳር ባለ ትልቅ ከተማ ይህ ጉዳት በሌሎች አማራጮች ብዛት ሊሸፈን ይችላል፤ በመሸንቲ ግን አይሸፈንም። ሱቆች ጥቂት በሆኑበትና አንድ ሁለት ነጋዴዎች ዋጋ በሚወስኑበት ከተማ ደግሞ የሸማቾች ማኅበሩን ማስተካከል ይቀድማል፤ የባለ ሱቆች የጋራ ጅምላ በዚያ ቢቋቋም የነባሮቹን ጡንቻ ከማፈርጠም በቀር ለሸማቹ የሚያተርፍለት ነገር የለም።

የሥራ ዕድልን ሆን ብዬ ወደ ኋላ አቆየሁት። ኩባንያው የሚቀጥረውን ሰው ቁጥር ይናገራል፤ ሱቃቸውን የሚዘጉትን፣ ሸክም የሚያጡትን ወዛደሮችና ባለ ጋሪዎች ግን ማንም አይቆጥርም። ሁለቱ ጎን ለጎን ካልቀረቡ ቁጥሩ ለንጽጽር አይበቃም።

የቦታ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የከተማው አስተዳደር ሊያስገባው የሚገባ አንድ አንቀጽ አለ፤ በስብሰባ ላይ ጥያቄውን የሚያነሣ ሰው ካልተገኘም ሳይታወስ የሚያልፍ ነው። በአሜሪካ አንዳንድ ግዙፍ መደብሮች ሥራ ሲያቆሙ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወሩ ሕንፃውን ተፎካካሪ እንዳይገባበት በውል ዘግተውት ይሄዳሉ፤ ሕንፃውም ለዓመታት ባዶውን ይቆማል። እዚህም መደብሩ ከተወሰኑ ወራት በላይ ከተዘጋ ቦታው ወደ ከተማው እንዲመለስ፣ ሕንፃውም በቅድሚያ ለሸማቾች ማኅበሩ ወይም ለባለ ሱቆች ማኅበር እንዲከራይ፣ ያልተከፈለ የአቅራቢ ገንዘብ ካለም ከባንክ ዕዳ በፊት የሚከፈልበት ዋስትና በዝግ ሒሳብ እንዲቀመጥ በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።